መጀመሪያ ጆሮ ይቁጠር

ፈረንሳይኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አሌክሳንድሪን የሚባለውን የግጥም ምጣኔ ያውቁታል፦ በአንድ ስንኝ 12 ቀለም፣ ከስድስተኛው በኋላ ዕረፍት። ለፈተና ይሸመድዱታል፤ ማርክም ያገኙበታል። ከራሲን ተውኔት ከ«ፌድር» አንድ ገጽ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ሲጠየቁ ግን ዕረፍቷን ዘለዋት ያልፋሉ። ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን ግጥምን በእርሳስ ብቻ የሚያስቆጥረው ትምህርት ነው።

ይህ ምጣኔ ለጆሮ የተሠራ ነው። ስሙ የመጣው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ታላቁ እስክንድር በፈረንሳይኛ ከተገጠመ ረጅም የጀብዱ ታሪክ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እነገጣሚው ሮንሳር አከበሩት፤ በ17ኛው መድረኩን ያዘው። የኮርኔይ «ለ ሲድ» እ.ኤ.አ. በ1637፣ «ፌድር» በ1677 ለተመልካች የቀረቡት በዚሁ ምት ነው።

ቆጠራውን የሚያከብደው በቃል መጨረሻ ያለው ደካማ አናባቢ ነው። «ቤል» ማለትም ቆንጆ፣ በአናባቢ የሚጀምር ቃል ሲከተላት አንድ ቀለም ናት፤ ተነባቢ ሲከተላት ግን «ቤ-ለ» ተብላ ሁለት ትሆናለች። ዓይን ይህን አይለይም፤ ምላስና ጆሮ ይለዩታል።

የእኛም የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ ስድስት በስድስት ነው። ስለዚህ ራሴ ያዘጋጀኋትን ስንኝ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፦ «ከወንዙ ማዶ ነው፣ ያደግሁበት መንደር»። ፊደሏ ሲቆጠር 18 ነው፤ እያጨበጨብን ስንላት 12። ን፣ ው፣ ግ፣ ት፣ ን፣ ር፣ ስድስቱ ሳድሳን አናባቢ ስለሌላቸው ምት አይሆኑም። ልጆቹ ይህን በእጃቸው ካረጋገጡ በኋላ ወደ ራሲን ሲመለሱ ዕረፍቷን ማንም ሳያመለክታቸው ያገኟታል።

እንግሊዝኛ አሌክሳንድሪንን ከፈረንሳይኛ ሲወስድ በስድስት ጠንካራ ምቶች አቆመው፤ ረዘመበት፣ ከበደውም። ስፔንሰር በ1590 መታተም በጀመረው «ዘ ፌሪ ኩዊን» ይህን ክብደት በዘዴ ተጠቀመበት፤ የዘጠኝ ስንኞቹ አንጓ በአሌክሳንድሪን ይዘጋል።

«ምጣኔ እስር ቤት ነው፣ ዘመኑ የነፃ ግጥም ነው» የሚሉ ወጣት ገጣሚያንን አከብራለሁ፤ ግን ፈረንሳዊውን ገጣሚ ሁጎን ይመልከቱ። የካቲት 1830 ፓሪስ ውስጥ «ኤርናኒ» የተሰኘው ተውኔቱ ሲከፈት፣ ገና በመግቢያው አንድን ስም በአንደኛው ስንኝ መጨረሻ ትቶ ቅጽሉን ወደ ሁለተኛው አሻገረው። አዳራሹ ተናወጠ። ተመልካቹ የተቆጣው ምቱ በጆሮው ስለነበረ ነው፤ ሁጎም የደፈረው ሕጉን ከማንም በላይ ስለሚያውቀው ነው።

ስለዚህ የፈረንሳይኛም የአማርኛም መምህራን፣ የግጥም ትምህርት በንባብና በጭብጨባ ይጀመር፤ ፈተናውም የቃል ክፍል ይኑረው። ምቱን የሰማ ተማሪ ቢፈልግ ይጠብቀዋል፣ ቢፈልግ ይሰብረዋል። ያልሰማው ግን ምርጫ የለውም።