ኢያጎን ብቻ አንክሰስ

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር «ኦቴሎ» ላይ ስንወያይ ክርክራችን ሁሌም ኢያጎ ላይ ያልቃል። ለምን ከፋ? ሹመቱ ለካሲዮ ስለተሰጠበት ነው የሚል አለ፤ ሚስቱን ኤሚሊያን ከኦቴሎ ጋር ስለጠረጠረ ነው የሚልም አለ። ሁለቱም ቴአትሩ ውስጥ አሉ። ነገር ግን ኢያጎ ራሱ፣ የሚስቱ ወሬ እውነት መሆኑን እንደማያውቅ፣ ሆኖም እንደ እውነት ቆጥሮ እንደሚሠራበት በመጀመሪያው ገቢር ይናገራል።

እኔን የሚያሳስበኝ ኦቴሎ ነው። ማስረጃ አምጣ ብሎ ኢያጎን አፋጦታል እኮ! የመጣለት ግን አንድ መሐረብ ነው። ኤሚሊያን ጠየቀ፤ እመቤቷ ንጹሕ መሆኗን ብትምልለትም መልሷ ከጥርጣሬው ጋር ስላልገጠመ ጣለው። ካሲዮን መሐረቡን ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀው ደግሞ ዴዝዴሞናን ከገደላት በኋላ ነው።

ኦቴሎ ጅል አይደለም፤ የቬኒስ የጦር አዛዥ ነው። የሳተው ኢያጎን «ታማኝ» ስላለው ብቻ ወሬውን ሳያጣራ መቀበሉ ነው። እኛስ ምንጫችን ወዳጃችን ሲሆን ስንቴ እናጣራለን?

ኢያጎ በመጨረሻ ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ አልናገርም ብሎ ዝም ይላል። እንግዲህ ለፈተናው የኢያጎን ምክንያቶች እንሸምድድ፤ ለሙያችን ግን ኦቴሎን እናጥና።