ሞተር ከመውረዱ በፊት ካቦው ይታይ

በአሮጌ መኪና ላይ የፍሪሲዮን ፔዳል ሲከብድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ያው ነው፤ ይውረድና ዲስኩም ፕሬሸሩም ይቀየር። ሳይመረመር የሚሰጥ ፍርድ ስለሆነ አልቀበለውም። ክብደቱ ከፔዳሉ እስከ ዲስኩ ካለው መስመር ከየትኛውም ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛው መስመር ደግሞ ምንም ሳይወርድ የሚፈተሽ ነው። ቮልስዋገን ቢትልን እንመልከት። ፍሪሲዮኗ የሚሠራው በወለሉ መሐል ባለ ቱቦ አልፎ ወደ ኋላ በሚሄድ ካቦ ነው። ቅባቱ ከደረቀ ወይም ክሮቹ መበጠስ ከጀመሩ ፔዳሉ ይከብዳል። ከካምቢዮው አጠገብ ያለው ተጣጣፊ ቱቦም ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ያህል ጎበጥ ማለት አለበት፤ ከዚያ ሲያልፍ ካቦውን አንቆ ይይዛል። ካቦውን ከኋላ ፈትቶ ወዲያና ወዲህ መሳብ ብቻ ብዙ ይናገራል፤ ከተያዘ ወይም ከተፋቀ ጥፋቱ እዚያው ነው፤ ሞተር የሚያስወርድ ነገር የለም።

በዘይት ግፊት የሚሠራው የላዳ ፍሪሲዮን ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። «አየር ገብቶ ነው» የሚለው ምክንያት እዚህ አያስኬድም፤ አየር ፔዳሉን ያላላል እንጂ አያከብድም። ይልቅ በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት ከተጨመረ የፓምፑ ጎሚኒዎች ያብጣሉ፤ ያረጀ የጎማ ቱቦም ውስጡ ይጠባል። የታችኛው ፓምፕ ማስተንፈሻ ተከፍቶ ፔዳሉ ሲረገጥ ክብደቱ ካልለቀቀ፣ ችግሩ ያለው ከዚያ በላይ ነው።

መካኒኮች የሚያነሱት መከራከሪያ ግን ቀላል አይደለም፤ ዲስኩ ማለቁ ካልቀረ ለምን ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ይከፈላል? እውነት አላቸው፤ ዲስክ ሲሳሳ የፕሬሸሩ ስፕሪንግ አቀማመጡ ይለወጥና ፔዳሉ ይከብዳል። ይህ ግን ምልክት አለው። ክብደቱ ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይፈጥንም። ምልክቱ ከታየ ይውረድ፣ ኩሽኔታውም አብሮ ይቀየር። ካልታየ ግን አዲሱ ዕቃ በደረቀ ካቦ ይጎተታል፤ ያ ካቦ የሚበጠሰውም ምናልባት የእንጦጦ ዳገት መሐል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ካስወደደ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ያለውን መኪና ጠግኖ ከመያዝ ሌላ አማራጭ የለውም፤ ያለምክንያት የወጣ ብር ከልጆች ወጪ ላይ የሚቀነስ ነው። ስለዚህ ባለመኪናው «ይውረድ» ሲባል እሺ ከማለቱ በፊት ካቦው ወይም ፓምፑ ዓይኑ እያየ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ።