«ሙሽራዬ በሠራሁት መኪና አልሄድም አለች»

የዛሬው ደብዳቤ ከጫንጮ ነው። ጸሐፊው የአባቱን አሮጌ ዲኤክስ አፈራርሶ፣ የሌላ ቶዮታ ሞተር ጭኖ፣ ቀለሙን ቀይሮ በገዛ እጁ እንደ አዲስ የሠራ ወጣት ነው። ሐሳቡ በሰርጉ ዕለት ሙሽራዋን በዚሁ መኪና ወደ አዲስ አበባ ይዞ መውረድ ነው። እሷ ግን «ፔዳሉ ይደርቃል፤ የኪራይ መኪና ካልመጣ አልንቀሳቀስም» ብላዋለች። «ንቃኛለች ወይስ ሌላ ሰው አለ?» ሲል ይጠይቀኛል።

ኧረ ወንድሜ! ሌላ ሰው የለም፤ ያለው ሌላ ቱቦ ነው።

በደብዳቤህ መሀል እንደ ዋዛ ጣል ያረግካት ዐረፍተ ነገር አለች። «የቫኪዩም ቱቦው ስለበዛብኝ ግማሹን ቆርጬ ጣልኩት፣ ለዲስትሪቢዩተሩም ከሰርቮው ቱቦ በቲ ቀጠልኩለት፣ ሚኒሞው ግን ይዋዥቃል» ትላለህ። ይህቺን ለሁለት መካኒኮች ሳነብላቸው ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፍሬን ስትረግጥ እግርህን የሚያግዘው ሰርቮው ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው ደግሞ ሞተሩ ስቦ ባሳሳው አየርና በውጭው አየር የግፊት ልዩነት ነው። ጫንጮ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠረፍ ሩብ ያህል ያንሳል። ድሮም ያነሰችውን እርዳታ አንተ ደግሞ አካፈልካት። ቲው ትንሽ ካፈሰ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል።

ስለዚህ የሰርቮው ቱቦ ወፍራምና የማይጨማደድ ሆኖ ከማኒፎልዱ በቀጥታ፣ ለብቻው ይምጣ። ከጭስ ማውጫው አርቀው። ቱቦው ላይ ያለችው ቫልቭ ተገልብጣ እንዳትገባ በአፍህ ንፋት፤ ከሰርቮው ወደ ሞተሩ ታሳልፋለች፣ በተቃራኒው አታሳልፍም። ለዲስትሪቢዩተሩ በብዙዎቹ የድሮ ቶዮታዎች ካርቡሬተሩ ላይ ከቢራቢሮው ከፍ ያለች ቀጭን አፍ አለችለት፤ በሚኒሞ አትስብም፣ ነዳጅ ስትሰጥ ነው የምትጀምረው። ቱቦ የቆረጥክባቸው የማኒፎልድ አፎች ክፍት ከሆኑ በደንብ ድፈናቸው። ሚኒሞው አሁንም ከዋዠቀ ቱቦዎቹን ተራ በተራ በፒንሳ ጨመቅ አርግ፤ የትኛው ሲጨመቅ ሞተሩ እንደሚረጋ ታያለህ።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተህ ፔዳሉን እስኪደርቅ አምስት ስድስቴ ርገጥ። እግርህን ሳታነሳ አስነሳው። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ካላለ የትም እንዳትሄድ!

ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ያለውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ፤ ከኋላህ ከጎጃም የመጣ የጭነት መኪና፣ ከፊትህ የቆመ ሚኒባስ። ነዳጅ ልቆጥብ ብለህ ሞተር አጥፍተህ በፎሌ ብትወርድ ሰርቮው ከአንድ ሁለት ርግጫ በላይ አያግዝህም። በማርሽ ውረድ።

ስለ ልጅቷ እንዲህ አርግ። እሷን ሳትጭን ሦስት አራት ቀን ተመላለስበት። ከዚያ ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጣትና ያንኑ ሙከራ በራሷ እግር ትሞክረው። አሁንም አልፈልግም ካለች የኪራዩን መኪና ያዝ፤ ዲኤክሱ ሚዜዎቹን ይጫን።