ከድል በፊት የሚነገር ምስክርነት

በየእሑዱ አንድ ዓይነት ምስክርነት እንሰማለን። «ሥራ አጥቼ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ተቸገርኩ። አሁን ግን ጌታ ከቀድሞው የሚበልጥ ሥራ ሰጠኝ።» ከዚያ እልልታ፣ ጭብጨባ፣ ሃሌ ሉያ። መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በእነዚያ ስምንት ወራት ይህ ወንድም የት ነበር? ከአጠገባችን ነበር። «እንዴት ነህ?» ስንለው «ጌታ ይመስገን» እያለ፣ እኛም አምነነው እየሄድን።

ሙግቴ ይህ ነው፦ ሥራ ያጣን ወጣት ቤተሰብ ከማጣቱ ይልቅ የሚጎዳው ዝምታው ነው። ዝምታውን ያስተማርነው ደግሞ እኛ ነን። ድል ካልተገኘ መድረክ የማይሰጥ ጉባኤ ሰዎቹን በትግሉ መሃል ብቻቸውን ይተዋቸዋል።

በተለይ የማስበው ተማሪ የሆኑትን ባለትዳሮች ነው። በየአጥቢያችን ሞልተዋል። እሱ ቀን ይሠራል፣ እሷ ግማሽ ቀን ሠርታ ማታ ትማራለች፤ ወይም ተገላቢጦሹ። የአንዱ ደመወዝ ለቤት ኪራይ ይሄዳል፤ የሌላው አስቤዛውን፣ ትራንስፖርቱንና የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል። የሚተርፍ የለም። ከሁለቱ አንዱ ሥራ ያጣ ዕለት ቤቱ በአንድ እግር ይቆማል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ለወላጆች አይነገርም፤ «ሳትመረቁ ምን አስቸኮላችሁ?» ያሉ ዘመዶች አሉና። ለሕብረቱም አይነገርም። ለሚስቱ እንኳ ሳይነግር ጠዋት ሸሚዙን ለብሶ የሚወጣ፣ ማታ «ደክሞኛል» ብሎ የሚገባ ባል አለ። ዕቁቡ እንዳይቋረጥ ከጓደኛ ይበደራል። ለጓደኛው ለመመለስ በስልክ ከሚገኘው የአጭር ጊዜ ብድር ይወስዳል። የሠርግ መዋጮውን ይከፍላል። አሥራቱንም ከብድሩ ላይ ያወጣል፤ ካቆመ «ምን ሆነ?» ይባላላ! ገቢ የሌለው ሰው አሥራት የለበትም፤ የምንም አንድ አሥረኛው ምንም ነው። ይህንን በግልጽ የሚነግረው አስተማሪ ግን የት አለ?

ዕዳው ደግሞ የእሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ሠርተው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው እንደሆነ ይደነግጋል፤ ለቤተሰቡ መተዳደሪያ የተገባ ዕዳም ሁለቱንም ይመለከታል። ሳታውቀው የተበደረው የአስቤዛ ገንዘብ አንድ ቀን የእሷንም በር ያንኳኳል።

ለምን ዝም ይላሉ? ሦስት ትምህርቶች አፋቸውን ይዘጉባቸዋል።

የመጀመሪያው «ምን አጥፍቶ ይሆን?» የሚለው ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መፈለግ ሲጀምሩ ነው እግዚአብሔርን ያስቆጡት። እስቲ የቅርብ ጊዜያችንን እንይ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስታስወጣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ብዙ ወጣቶች ሥራቸውን አጡ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ በዕርዳታ በሚካሄዱ ፕሮጀክቶች የተቀጠሩ ባለሙያዎች ቤታቸው ተቀመጡ። ዋሺንግተን ላይ በተፈረመ ወረቀት ሥራ ያጣችውን እኅት «የጸሎት ሕይወትሽ እንዴት ነው?» ብለን የምንመረምራት በየትኛው ወንጌል ነው?

ሁለተኛው «እወጅ፤ ያለህን ዝራ፤ ይከፈታል» የሚለው ነው። የእምነትን ቃል መናገር አልቃወምም። የምቃወመው የመጨረሻዋን የኪራይ ብር ከሥራ አጥ እጅ የሚቀበለውን ሰው ነው። በ2ኛ ነገሥት 4 ላይ ያለችውን መበለት አስቡ። ባልዋ ከነቢያት ልጆች አንዱ ነበር፤ በዛሬ አነጋገር የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተማሪ እንደማለት ነው። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር፤ ሆኖም ዕዳ ጥሎ ሞተ። እርስዋ ምን አደረገች? ወደ ኤልሳዕ ጮኸች፤ አበዳሪው ልጆችዋን ሊወስድ መምጣቱን ሳትሸሽግ ተናገረች። ኤልሳዕስ? ገንዘብ አልጠየቃትም፤ «እወጂ» አላላትም። በቤትዋ ምን እንዳላት ጠየቃት። ከጎረቤቶችዋ ሁሉ ዕቃ እንድትዋስ ላካት፤ ስለዚህ መንደሩ ሁሉ ችግርዋን አወቀ። ዘይቱ ከሞላ በኋላም ሸጣ አስቀድማ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በቀረው እንድትኖር ነገራት። ተአምሩ ውስጥ መናገር አለ፣ ያለውን መቁጠር አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ዕዳ መክፈል አለ። እኛ ግን አራቱን ጥለን ዘይቱን ብቻ እንሰብካለን።

ሦስተኛው «ቤቱን የማይመግብ ወንድ…» የሚለው ነው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5 የሚናገረው መርዳት እየቻለ የገዛ ቤተሰቡን ስለሚተው ነው፤ ሥራ አጥቶ ስለሚፈልግ ሰው አይደለም። 2ኛ ተሰሎንቄ 3 ላይም ጳውሎስ የሚገሥጸው መሥራት የማይወደውን እንጂ ሥራ ያጣውን አይደለም። ይልቅ የሐዋርያት ሥራ 18ን እናንብብ። አቂላና ጵርስቅላ በቀላውዴዎስ ትእዛዝ ከሮም ወጥተው ቆሮንቶስ የገቡ ባልና ሚስት ናቸው። ጳውሎስ ቤታቸው ተቀምጦ አብሯቸው ድንኳን ይሰፋ ነበር። በአዋጅ ከኑሯቸው ስለተነቀሉ ማንም አላፈረባቸውም፤ ቤታቸውም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

እንግዲህ ዝምታው ተሰበረ እንበል። ምን ይደረግ?

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱም ወረቀት ይዘው ይቀመጡ፤ አንዱ ሌላውን ሊወቅስ ሳይሆን ሊቆጥሩ። የሚገባው ስንት ነው? የሚወጣውስ? ዕዳው የማን ነው፣ መቼ ይከፈላል? በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፍል የመንግሥት ዋስትና ስለሌለ የሥራ ስንብት ክፍያ ትልቅ ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰና በሠራተኛ ቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለሚጨመረው እያንዳንዱ ዓመት የዚያን ሲሶ እንዲያገኝ ይደነግጋል፤ ቅነሳ በመሆኑም የ60 ቀን ይታከልለታል። በወር 15,000 ብር ሲያገኝ ለቆየና ሦስት ዓመት ላገለገለ ሰው ይህ 25,000 እና 30,000፣ በድምሩ 55,000 ብር ግድም ነው። ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍትም በገንዘብ ይታሰባል። የሁሉም ሰው ውል አንድ ዓይነት ስላልሆነ የሚያውቅ ሰው ማማከር ይገባል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከስንብት የሚነሣ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። ስምንት ወር ዝም ብሎ «ጌታ ይመስገን» ያለው ወንድማችን መብቱ ሁለት ወር አልፎበታል። በዚያው ጉባኤ ግን ሕግ ያጠኑ እኅቶች ተቀምጠው ነበር፤ ማንም ስላልነገራቸው አላወቁም።

ቀጥሎ የሚቆረጠው ወጪ ምን ይሁን? ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቆረጠው የሚስት ትምህርት ነው። «እሱ ሥራ እስኪያገኝ አንቺ ቆይ» ይባላል፤ ያች «ቆይ» አምስት ዓመት ትሆናለች። ይህንን አጥብቄ እቃወማለሁ። የመመረቂያ ዓመት ላይ የደረሰ ትምህርት የቤቱ ቀጣይ ደመወዝ ነው፤ የእሷም ሆነ የእሱ። ከእሱ በፊት የሚቆረጥ ሞልቷል፦ የልደት ድግሱ፣ ለሰርግ የሚሰፋው ልብስ፣ ለሰው ዓይን ተብሎ የተያዘው ሰፊ ቤት። አቅም ጨርሶ ከጠፋም በተርሙ የሚወሰደውን ኮርስ መቀነስ ይቻላል። ማቋረጥ ግድ ሲሆን ዝም ብሎ መጥፋት ሳይሆን ሬጅስትራር ሄዶ፣ ፎርም ሞልቶ፣ በሥርዓት መውጣት ያስፈልጋል። በሥርዓት የወጣ ተማሪ መመለሻ በር አለው፤ ዝም ብሎ የጠፋ ግን ያልተፈተነው ኮርስ «ኤፍ» ሆኖ ሊጠብቀው ይችላል። እዚህም ዝምታ ያስከፍላል።

«ታዲያ ገበናችንን አደባባይ እናውጣ?» የሚሉኝ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። በጸሎት ርዕስ ስም የሚዞር ወሬ አለ፤ ማክሰኞ የተነገረ ጉዳይ ዓርብ ሰፈሩን ያዳርሳል። ግን መድኃኒቱ ዝምታ አይደለም። ለመላው ጉባኤ መንገር ሌላ፣ አፋቸውን ለሚጠብቁ ሁለት ሰዎችና ለአንድ ዲያቆን መንገር ሌላ ነው። ትዳርን የሚያዋርድ ነገር ገበና ነው፤ ሥራ ማጣት ግን ችግር ነው። ገበና ይሸፈናል፤ ችግር ይነገራል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት አባቶቻችን ይህንን ያውቁ ነበር። የተነገረውን ያባከነ ሰው ካለም ተግሣጹ ለእርሱ ይሁን፤ ለተናገረው አይሁን።

አሁን ለእናንተ፣ ለወጣት ሕብረቶች። ጓደኛችሁ ሲያገባ የሠርግ ኮሚቴ ታቋቁማላችሁ፤ መዋጮ ታሰባስባላችሁ፣ መኪና ታስጌጣላችሁ፣ ወር ሙሉ ትለማመዳላችሁ። የሠርጉ ማግሥት ኮሚቴው ይበተናል። አትበትኑት! ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ለሁለት ዓመት ይቆዩ፤ በወር አንድ ቀን ቤታቸው ሄደው ሻይ ይጠጡ፣ «ኑሮ እንዴት ነው?» ብለው መልሱን እስኪያገኙ ይቀመጡ። ለዲኮር ከሚወጣው ላይ ጥቂት ተቀንሶ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ላፕቶፕ ያለው ለተማሪዋ ያውሳት፤ ክፍት የሥራ ቦታ ያየ ለወንድሙ ይደውል፤ ጤፍ ያስፈጨ አምስት ኪሎ ይላክ። የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ሰባት ሰዎችን የሾመችው ለመድረክ አልነበረም፤ ምግብ በትክክል እንዲታደል ነበር። መንፈስ ቅዱስ የሞላባቸው ሰዎች ናቸው ለማዕድ የተመረጡት።

በምስክርነት ሰዓታችሁም «ገና አልተመለሰልኝም» ለሚል ሰው ቦታ ስጡ።

ፊልጵስዩስ 4፥13ን ሁላችን በቃላችን እናውቃለን፤ በቲሸርትም፣ በግድግዳም፣ በስልክም ላይ ጽፈነዋል። ከፍ ብሎ በቁጥር 12 ጳውሎስ ረሃብን ማየቱን ይናገራል። ዝቅ ብሎ በቁጥር 14 የፊልጵስዩስ ሰዎች በመከራው ስለተካፈሉ መልካም እንዳደረጉ ይመሰክርላቸዋል። ሁሉን የሚችለው ጳውሎስ መራቡን ደብዳቤ ላይ አስፍሯል፤ የተላከለትንም ተቀብሏል። ቁጥር 13 የሚነበበው በ12 እና በ14 መካከል ነው። ቁጥር 14ን ግድግዳው ላይ የጻፈ ወጣት ሕብረት እስካሁን አላየሁም።