ናፍጣው ይቅደም ወይስ መንገዱ?



እንደሚታወቀው ባለፈው ስብሰባ ከእድሩ ገንዘብ አንድ በርሜል ናፍጣ ተገዝቶ ለወፍጮው ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ በጸሐፊነቴ ቃለ ጉባኤውን ጽፌአለሁ፤ በሐሳቡ ግን አልስማማም።

ነዳጅ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ፣ ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ተገንጥሎ ነው መንዝ የሚደርሰው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በመያዙ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ እንኳ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። በሃይላንድ ሲሸጥማ አይጠየቅም! ዋጋውን የምንቆርጠው እኛ አይደለንም።

በእጃችን ያለው ከዋናው መንገድ እስከ ሰፈራችን ያለው ጭቃ ነው። ባለፈው ክረምት ምጥ የያዛትን እኅታችንን ባጃጁ ቦረቦሩ ጋ አውርዷት ሲመለስ ቤንዚን ሞልቶት ነበር እኮ። በቃሬዛ ወሰድናት።

በርሜሉ እንደሆነ ያልቃል፤ ደግሞስ ሣር ክዳን ቤቶች መሐል ናፍጣ ማከማቸት ምን የሚሉት ነው? በገንዘቡ ቱቦ ይገዛ፣ ድንጋዩን እኛ እናግዝ። ሰኔ ሳይገባ፣ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ያለው አካፋ፣ ዶማ ያለው ዶማ ይዞ ይምጣ። የማይስማማ ካለ ከቅዳሜ በፊት ይንገረኝ፤ የሱንም እጽፋለሁ።

የእድሩ ጸሐፊ