ኩሬው ይደፈን ወይስ ይጠበቅ?

የተከበራችሁ የካኩማ ነዋሪዎችና የጤና በጎ ፈቃደኞች፣

የታራች ላጋ ሞልቶ ሲጎድል በዳርቻው ኩሬዎች ይቀራሉ፤ ሰንብተውም ይደርቃሉ። «የወባ ትንኝ ስለሚፈለፈልባቸው በአፈርና በፍርስራሽ ይደፈኑ» የምትሉ ጥቂት አይደላችሁም። በነርስነት የማገለግል ስደተኛ ነኝና የወባን ክፋት አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሆኖም ኩሬዎቹ ሊደፈኑ ሳይሆን በሕግ ሊጠበቁ ይገባል እላለሁ።

ትንኟ በኩሬ መራባቷ አይካድም። ነገር ግን ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር የሚያስፈልጋት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሆነ ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽ ውኃ ይበቃታል። ለጭቃ ጡብ የቆፈርነው ጉድጓድ፣ ከቦኖ ሥር የሚጠራቀመው ውኃ፣ የመኪና ጎማ የቦረቦረው መንገድ ሁሉ ይመቻታል። በእነዚህ ውስጥ እጯን የሚበላ ጠላት ብዙም የለም። ሰንበት ባለ ኩሬ ግን የውኃ ተርብ እጮችና የውኃ ጥንዚዛዎች ይበሏታል። ኩሬውን ለመድፈን አፈር ስንቆፍር ሌላ ጉድጓድ እንከፍታለን። የተቃጠለ ዘይት ብናፈስበትም ከትንኟ ጋር ጠላቶቿን እንፈጃለን።

ኩሬ ሲደርቅ ሕይወቱ አብሮት አያልቅም። በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ቦታዎች አንዳንድ እንቁራሪቶች አፈር ውስጥ ተቀብረው ዝናብ ይጠብቃሉ። በዓይን እምብዛም የማይታዩ የውኃ እንስሳት እንቁላልም በደረቅ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ «ባዶ መሬት ነው» ብለን ቆሻሻ አንጣልበት። የምንጠጣው ውኃ የሚሳበው በታራች አካባቢ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች መሆኑንም አንዘንጋ።

«እኛ ስደተኞች ነን፤ ኩሬ ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። ካምፑ ከተቋቋመ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆች አሉን። መሬቱ ግን የቱርካና ሕዝብ ነው፤ ፍየሎቹንም በኩሬው ያጠጣል። ጥበቃውን ከባለቤቱ ጋር እንጂ ያለ እርሱ መጠየቅ አይገባንም።

ሕጉም ይደግፈናል። ኬንያ በ1990 እ.ኤ.አ. የራምሳር የረግረግ መሬቶች ስምምነት አባል ሆናለች። አባል አገሮች በ2002 እ.ኤ.አ. በቫሌንሲያ ባደረጉት ጉባኤ ጊዜያዊ ኩሬዎችም ትኩረት እንዲያገኙ ወስነዋል። ኬንያም በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ረግረግ መሬቶችና ወንዝ ዳርቻዎች ደንብ አውጥታለች። ጥበቃ ማለት ግን ከብት አይጠጣ ማለት አይደለም፤ ሳያጠፉ መጠቀም ማለት ነው።

ስለዚህ የብሎክ መሪዎችና የቱርካና ሽማግሌዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ለመነሻ አንድ ኩሬ ይምረጡ። ወሰኑ እንዲከለል፣ ቆሻሻ መጣልና ጭቃ ማውጣት እንዲከለከል ለቱርካና ካውንቲ አስተዳደርና ለብሔራዊ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በጋራ ደብዳቤ ይጻፉ።

እስከዚያው የቤት ሥራችንን እንሥራ፦

• የጡብ ጉድጓዶችን እንድፈን፤ የቦኖ ፍሳሽ እናስወግድ።
• ሁልጊዜ አጎበር ውስጥ እንተኛ።
• ትኩሳት የያዘውን ሰው፣ በተለይም ሕፃንንና ነፍሰ ጡርን፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ክሊኒክ እናድርስ።
• የኩሬ ውኃ አንጠጣ፤ ልጆችም እንዳይዋኙበት እንጠብቅ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ይህን ጉዳይ በሚቀጥለው የብሎክ ስብሰባችሁ ላይ አንሡት።