የወንድሜን ጨዋታ ላጥፋው ወይስ ላትርፈው?

ይድረስ ለተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፤

እኔ የ22 ዓመት ወጣት ስሆን በአንድ ኮሌጅ የሂሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ። በሦስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ለሥራ ወደ አረብ አገር ከሄደ 14 ወሩ ነው። ሲሄድ ኮምፒዩተሩን ለእኔ ትቶልኝ ነው የሄደው። «የቤት ሥራሽን ሥሪበት፤ ጌሞቼን ግን አደራ!» ነበር ያለኝ።

እኔና ወንድሜ ያደግነው እዚያ ኮምፒዩተር ፊት ነው ማለት ይቻላል። እሱ የእግር ኳስ አሠልጣኝ የሚኮንበትን ጌም ይጫወታል፤ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ «ይሄን ሽጠው፣ ያንን ግዛው» እለዋለሁ። አንድ የእንግሊዝ የታችኛው ዲቪዚዮን ቡድን ይዘን 11 የውድድር ዘመን ለፍተን ፕሪምየር ሊግ አድርሰነዋል። ዛሬም በደወለ ቁጥር ከእናታችን ጤና ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «ቡድናችን እንዴት ነው?» ብሎ ነው። «ስመለስ ካቆምንበት እንቀጥላለን» ይለኛል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ከሁለት ወር ወዲህ ኮምፒዩተሩ በጣም ተንቀራፈፈ። ባለ 500 ጊጋው ሀርድ ዲስክ ሞልቷል። አንዳንዴም ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። ለአንድ ጠጋኝ ባሳየው «ይሄ ሊሞት ነው፣ አዲስ ግዢ። ጌም ግን አይዛወርም፤ ሁሉም ይጠፋል» አለኝ። እናቴ ደግሞ «ታዲያ ይጥፋ! እህል ውኃ አይሆን» ትላለች። አዲስ ዲስክ መግዣ አጠራቅሜአለሁ። ጌሞቹን እንደገና ከኢንተርኔት ለማውረድ ግን አቅሙ የለኝም። እውነቱን ልናገርና፣ ሁሉንም አጥፍቼ «በራሱ ተበላሸ» ልለው አስቤ ነበር። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለጨዋታ እንዲህ መጨነቄ ልጅነት ይሆን? እባካችሁ መላ በሉኝ።

ግራ የገባት እህት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ እህታችን፤

ደብዳቤሽ ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ ሀርድ ዲስክ ነው። ግማሹ ግን ስለ አደራ ነው። ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

ጠጋኙ ከነገረሽ ውስጥ ግማሹ ትክክል ይመስላል። ሀርድ ዲስክ በውስጡ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለው። ከሳህኑ በላይ የፀጉር ውፍረት እንኳ በማይሞላ ክፍተት የሚንሳፈፍ ማንበቢያ ራስ አለ። ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ያ ራስ የሚፈልገውን ቦታ እያጣ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ያሳይሻል። ቢሆንም ፕሮግራሙ «ደህና ነው» ቢልሽ እንኳ ድምፁን እመኚ።

«ጌም አይዛወርም» ያለሽ ግን ስህተት ነው። ጌም እንደ ፎቶና እንደ ዘፈን ሁሉ ፋይል ነው፤ ይገለበጣል። አገለባበጡን ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የማይተካው የቱ ነው?

ይህን ለይተሽ እወቂ። ጌም ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ራሱ ጨዋታው ነው። ይሄ 50ም 100ም ጊጋ ሊሆን ይችላል፤ ቢጠፋ ግን እንደገና ይገኛል። ሁለተኛው «ሴቭ» የምንለው ነው፤ እናንተ የደረሳችሁበት፣ የ11 ዘመኑ ልፋት። ይሄ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሜጋባይት እስከ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው፤ አንድ ትንሽ ፍላሽ ይበቃዋል። ግን ከጠፋ በዓለም ላይ ሌላ ኮፒ የለውም።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትዪ ሴቩን ፍላሽ ላይ ገልብጪው። ሌላ ኮፒ ደግሞ የምታምኚው ሰው ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጪ። የገለጽሽው ጨዋታ ፉትቦል ማኔጀር ከሆነ ሴቩ የሚገኘው ዶክመንትስ ውስጥ፣ ስፖርትስ ኢንተርአክቲቭ በሚለው ፎልደር፣ በጨዋታው ስም ሥር ነው። የሌሎቹን ጌሞች ሴቭ በዚያው በዶክመንትስ፣ ሴቭድ ጌምስ በሚለው ፎልደር፣ ወይም አፕዳታ በሚባለው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ፈልጊ። የኮሌጅ ሥራሽንና የቤተሰብ ፎቶዎችንም በዚያው አብረሽ አውጪ። የታመመ ዲስክ እያንዳንዱ ንባብ የመጨረሻው ሊሆን ይችላልና ከባዱን ጌም ከመነካካትሽ በፊት ይሄ ይለቅ።

«ስቲም በክላውድ ያስቀምጥልኛል» የሚሉሽ አይጠፉም። ለአንዳንዱ ጌም እውነት ነው፤ ለሁሉም ግን አይደለም። በእጅሽ ያለውን ኮፒ እመኚ።

ስትገዢ ዓይንሽን ክፈቺ

አዲሱ ዲስክ ኤስ ኤስ ዲ ቢሆን ይመረጣል። የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ፍጥነቱም ሌላ ነው። ተራ ሀርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ የሳታ ኤስ ኤስ ዲ 500ን ይሻገራል። ከመግዛትሽ በፊት ኮምፒዩተርሽ የሚቀበለው ባለ ኬብሉን ሳታ ይሁን ወይስ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነውን ኤም ነጥብ 2 አረጋግጪ። የቆዩት ማሽኖች ብዙዎቹ ሳታን ብቻ ነው የሚያውቁት።

ባለ 1 ቴራ ገዝተሽ ዊንዶውስ 931 ጊጋ ብሎ ቢያሳይሽ «ተሸወድኩ» ብለሽ አትደንግጪ። አምራቹ በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ በ1,024። ያንቺ ባለ 500ም እኮ 465 እያለ ነው የኖረው። እውነተኛው ማጭበርበር ሌላ ነው፤ በጣም ርካሽ ሆነው «2 ቴራ ነኝ» እያሉ ውስጣቸው ግን ጥቂት ጊጋ ብቻ የሆኑ ዕቃዎች አሉ። ፋይሉን የተቀበሉ ይመስላሉ፤ ስትከፍቺው ግን ባዶ ነው። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ውሸቱን ያወጣዋል። ምንም ነገር ከመጫንሽ በፊት ፈትኚው። ለሻጩ ለመመለስ ሲባል ደረሰኝ መያዝም አይዘንጋ።

ማዛወሩ እንዴት ይሁን?

ሁለት መንገድ አለልሽ።

አንደኛው ክሎን ማድረግ ነው። አሮጌው ዲስክ ከነዊንዶውሱ፣ ከነጌሙ እንዳለ ወደ አዲሱ ይቀዳል። ብዙ የዲስክ አምራቾች ለዚህ የሚሆን ነፃ ፕሮግራም አላቸው፤ ክሎንዚላ የሚባለውም አለ። አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ስለሚበልጥ ቦታ አይቸግርሽም። አደጋው አንድ ነው፤ ከየት ወደ የት እንደምትገለብጪ ከተምታታብሽ ባዶው በሙሉው ላይ ይጻፍና ሁሉም ነገር ድራሹ ይጠፋል! «እሺ» የሚለውን ከመጫንሽ በፊት 465 የሚለው ምንጩ፣ 931 የሚለው መድረሻው መሆኑን ሁለት ጊዜ እዪ። ሲያልቅ አሮጌውን ነቅለሽ በአዲሱ ብቻ አስነሺው።

የታመመ ዲስክ ክሎን ሲደረግ መሐል ላይ ሊቆም ይችላል። ያኔ ወደ ሁለተኛው መንገድ ሂጂ። አዲሱ ላይ ዊንዶውስ አስጭኚና አሮጌውን እንደ ሁለተኛ ዲስክ ሰኪው። ስቲምን አዲሱ ላይ ጫኚና ዝጊው። ከዚያ ከአሮጌው የስቲም ፎልደር ውስጥ ስቲምአፕስ የሚለውን እንዳለ ወደ አዲሱ የስቲም ፎልደር ገልብጪ። «ኮመን» የሚለውን ብቻ ነጥለሽ አትውሰጂ። ከጎኑ ያሉት ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው ለስቲም «ይሄ ጌም ተጭኗል» ብለው የሚመሰክሩለት። ስቲምን ስትከፍቺው ጌሞቹን ያገኛቸዋል። ቀጥሎ በየጌሙ የፋይል ማረጋገጫውን አስኪጂ፤ የጎደለ ካለ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል።

ከጓደኛ በፍላሽ የመጡት ጌሞች ግን በክሎን ካልሆነ በቀር ብዙዎቹ እንደገና መጫን ይፈልጋሉ። ሴቫቸውን ካወጣሽ ግድ የለም።

ዋናው ምክራችን! «ከት» አታድርጊ፤ «ኮፒ» አድርጊ። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ኮፒ ያደረገ ሰው አሮጌው አለው። ዩፒኤስ መዋስ ከቻልሽ ደግሞ እሰየው።

ጊዜውንም እናስላው። ጌሞቹ 300 ጊጋ ናቸው ብንል፣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢገለበጥ 50 ደቂቃ ነው። በአሮጌ ዩኤስቢ በኩል በሰከንድ 30 ቢሆን ወደ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ። ያንኑ በ10 ሜጋቢት ኢንተርኔት ላውርድ ብትዪ ግን ሳይቋረጥ 67 ሰዓት ገደማ ነው! የታመመ ዲስክ ከዚህ በላይ ሊያዘገይሽ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ታገሺው። ይልቅ ዲስኩ ድምፁን አብዝቶ ከዊንዶውስ ላይ ጭራሽ ከጠፋ፣ ደጋግመሽ አታስነሺው። አጥፊውና ፋይል የሚያወጣ ባለሙያ ፈልጊ።

አሁን ወደ አደራው

«በራሱ ተበላሸ» ማለቱን እርሺው። እንቅልፍ የነሳሽ ዲስኩ ሳይሆን ይሄ ቃል ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? አደራ ማለት ዕቃው በፍጹም አይበላሽም ማለት አይደለም፤ ዕቃ መቼም ያረጃል። የአደራ ተቀባይ ግዴታ አይቶ ዝም አለማለት ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውለሽ «ዲስኩ እየደከመ ነው፤ ሴቩን አውጥቻለሁ፤ አዲስ ልገዛ ነው» በዪው።

መደወል ያለብሽ ለህሊናሽ ብቻም አይደለም። ሁለተኛውን መንገድ ከመረጥሽ ስቲም እንደ አዲስ ኮምፒዩተር ስለሚያይሽ የይለፍ ቃሉንና ወደ ኢሜይሉ ወይም ወደ ስልኩ የሚላክ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ ያለው እሱ ጋ ነው። ያለ እሱ እውቅና በስሙ ለመግባት አትሞክሪ። ከሥራ የሚያርፍበትን ሰዓት ጠይቂውና አብራችሁ አድርጉት። ያኔ አሮጌው ዲስክ ምን እንደያዘም ከአንቺ በተሻለ እሱ ይነግርሻል፤ አንቺ የማታውቂው፣ እሱ የሚሳሳለት ፎልደር ሊኖር ይችላል።

ልጅነት ይሆን ወይ ላልሽው፤ በፍጹም! አንዱ የወንድሙን ጃኬት ያስቀምጣል፣ ሌላው ደብዳቤውን። የእናንተ ደግሞ ይሄ ሆነ። እናትሽም ቢሆኑ ክፉ አስበው አይደለም። «ጌም» ሲሉሽ ጊዜ የሚበላ ነገር ነው የሚታያቸው። ልጃቸው ከሩቅ አገር ሆኖ የሚናፍቀው የቤቱ አንድ ጥግ እዚያ ውስጥ እንዳለ ረጋ ብለሽ ብታስረጃቸው ይገባቸዋል። ትምህርትሽ ግን ይቅደም። ከፈተና ሳምንት በፊት ወይም በኋላ እንጂ በፈተና ሰሞን ዲስክ አትንቀዪ።

በመጨረሻም ይህ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ነው። አዲሱ ዲስክ ሠራ ብላችሁ አሮጌውን በማግሥቱ አትጣሉ። ጌሞቹን አንድ በአንድ ከፍታችሁ፣ ሴቮቹ መኖራቸውን አይታችሁ፣ ቢያንስ አንድ ወር አቆዩት። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ለማንም አትሽጡ፤ በውስጡ ፎቶአችሁም፣ የይለፍ ቃላችሁም አለ። አንድ ኮፒ ብቻ ያለው ፋይል እንደጠፋ ቁጠሩት፤ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይኑራችሁ።